በደጅ የተተከለ ዛፍ ስለ መግረዝ

ዋንዛ በኢትዮጵያ በብዙ ሰው ደጅ የሚገኝ ዛፍ ነው። ቅጠሉ ሰፊ፥ ጥላውም ለሰውና ለከብት የሚበቃ ነው። ባበበ ጊዜ ነጭ ልብስ የለበሰ ይመስላል፤ ንቦችም ይሰበሰቡበታል። ፍሬው ሲበስል ይጣፍጣል፤ ነገር ግን እንደ ሙጫ ስለሚያጣብቅ የበላው ልጅ በጣቱና በከንፈሩ ይታወቃል። ከግንዱም በር፥ ወንበርና ከበሮ ይሠራሉ።

ይህ መልካም ዛፍ ግን አንድ ክፉ ጠባይ አለው። ማንም ሳይጠብቀው ያደገ እንደ ሆነ ግንዱ ብዙ ጊዜ ቀጥ ብሎ አይወጣም፤ ከምድር ጥቂት ከፍ ብሎ ለሁለት ይከፈልና እንደ ባላ ይሆናል። ስለዚህ ነገር አንድ ታሪክ ይነገራል።

አንድ ጐልማሳ ሰው አዲስ ቤት ሠርቶ በማድ ቤቱ አጠገብ የዋንዛ ችግኝ ተከለ። በሦስተኛው ዓመት ችግኙ ከሰው ቁመት በለጠ፤ ጫፉም ለሁለት ተከፍሎ ሁለቱ እኩል ያድጉ ጀመር። ሽማግሌው አባቱ ሊጠይቁት መጥተው ዛፉን ባዩ ጊዜ፥ «ልጄ፥ ይህ ዛፍ ሁለት ራስ አብቅሏል፤ አንዱን ዛሬ ቍረጥለት» አሉት።

ልጁም፥ «አባባ፥ ሁለቱም ያማሩ ናቸው፤ ለጋ ዛፍ ማቍሰል ምን ይጠቅማል? ይተዉት፥ ይደግ» አላቸው።

ሽማግሌውም፥ «ዛሬ የምትቈርጠው የአውራ ጣትህን ያህል ነው፤ ቈይተህ ብትመጣበት የወገብህን ያህል ሆኖ ታገኘዋለህ» ብለው ዝም አሉ። ልጁም ተወው።

ዛፉ ሃያ ዓመት አደገ። ከሩቅ ለሚያየው ያማረ ነበረ። በሐምሌ ወር አንድ ሌሊት ግን ብርቱ ዝናብና ነፋስ መጣ፤ ዛፉም ከባላው ላይ ተሰንጥቆ እኩሌታው በማድ ቤቱ ላይ ወደቀ። በዚያ ሌሊት ማድ ቤቱ ውስጥ የተኛ ሰው አልነበረም፤ ታስራ ያደረችው ጥጃ ግን ሞተች። የቀረውም እኩሌታ እስከ ታች ተሰንጥቆ ስለ ነበረ ተቈረጠ። ሽማግሌው ይህን ሳያዩ ሞተው ነበር።

ዛፉ የተሰነጠቀው ስለ ምን ነው? ሁለት እኩል ግንዶች ተጠጋግተው ሲያድጉ በመካከላቸው ያለው ቅርፊት ወደ ውስጥ ይገባል፤ ቅርፊት በገባበትም ስፍራ እንጨት ከእንጨት ጋር አይያያዝም። ግንዶቹ በወፈሩ ቍጥር እርስ በርሳቸው ይገፋፋሉ። እንግዲህ ዛፉ በውጭ አንድ ይመስላል፥ በውስጥ ግን ሁለት ነው። ከግንዱ ያነሰውን ቅርንጫፍ ግን ግንዱ በየዓመቱ በአዲስ እንጨት ስለሚያቅፈው ጸንቶ ይኖራል።

ስለዚህ ዛፍ የሚገርዝ ሰው አስቀድሞ ዋናውን ግንድ ይመርጣል። ከሁለቱ ቀጥ ያለውንና ጠንካራውን ይተዋል፤ ሌላውን ይቈርጠዋል፥ ወይም ዕድገቱ እንዲዘገይ ያሳጥረዋል። ከዚያ በኋላ ቅርንጫፎቹን ይመለከታል። እየተፋተጉ የሚያድጉ ቢያገኝ አንዱን ያወጣል፤ የደረቀውንም ያስወግዳል። የታችኞቹን ቅርንጫፎች ግን በአንድ ጊዜ ሁሉን አይመለምልም፤ ግንዱን ከሚያወፍሩት የእነርሱ ቅጠሎች ይገኛሉና። ዛፍ የሚመገበው በቅጠሉ ነው፤ በአንድ ዓመት ከቅጠሉ ከአራት እጅ አንዱን እጅ አብልጦ መቍረጥ ዛፉን ማስራብ ነው። ለማገዶ እየተባለ ተመልምሎ በራሱ ላይ ብቻ ጥቂት ቅጠል የቀረው ዛፍ በብዙ መንደር ይታያል፤ ይህ መግፈፍ እንጂ መግረዝ አይባልም። የዛፉን ራስ መቍረጥማ ከዚህ የባሰ ነው። በተቈረጠው ጫፍ ዙሪያ ብዙ ቀንበጦች ያቈጠቍጣሉ፤ ነገር ግን ከላይ ብቻ ተጣብቀው ስለሚያድጉ በከበዱ ጊዜ ይገነጠላሉ።

አቈራረጡም ራሱን የቻለ ጥበብ ነው። ቅርንጫፍ ከግንዱ በሚወጣበት ስፍራ ቅርፊቱ እንደ ቀለበት ጥቂት አብጦ ይታያል፤ ይህ የቅርንጫፉ አንገት ነው። መጋዙ ከአንገቱ ውጭ ሆኖ፥ ለአንገቱ ተጠግቶ ይቈርጣል። አንገቱ ተላጭቶ ቢወሰድ ቍስሉ ይሰፋል፥ መበስበስም ወደ ግንዱ ይገባል። ጕቶው ረዝሞ ቢቀር ደግሞ ይበሰብሳል፤ ቍስሉም ሊሸፈን አይችልም።

በቀድሞ ዘመን በብዙ አገር ያሉ ሰዎች ቅርንጫፉን ከግንዱ ጋር እኩል አድርገው ይቈርጡና ቍስሉን ቀለም ይቀቡት ነበረ። አሌክስ ሺጎ የተባለ አሜሪካዊ ሊቅ ግን እጅግ ብዙ ዛፎችን በመጋዝ እየከፈለ ውስጣቸውን መረመረ፤ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1977 ባወጣው ጽሑፍም የዛፍ ቍስል እንደ ሰው ቍስል እንደማይድን ገለጠ። የሰው ሥጋ ይታደሳል፤ ዛፍ ግን የቈሰለውን እንጨት በውስጡ እንደ ግንብ አጥሮ ይለየዋል፥ በላዩም አዲስ እንጨት ያለብሰዋል። ይህ አጥር የሚሠራው በአንገቱ ስፍራ ነው። ቀለም መቀባትም መበስበስን አያስቀርም።

ወፍራም ቅርንጫፍ ሲወድቅ በክብደቱ የግንዱን ቅርፊት ይልጣል። ስለዚህ ሦስት ጊዜ ይቈረጣል፤ መጀመሪያ ከግንዱ አንድ ክንድ ያህል ርቆ ከበታች በኩል እስከ ሲሶው፥ ቀጥሎ ከዚያ ጥቂት ወደ ውጭ አልፎ ከላይ፥ ቅርንጫፉም ከወደቀ በኋላ የቀረው ጕቶ በአንገቱ አጠገብ። ገጀራና መጥረቢያ እንጨቱን ስለሚሰነጣጥቁ ለዚህ ሥራ አይስማሙም። ጊዜውም በጋ ነው፤ በዝናብ ወራት መበስበስ እርጥቡን ቍስል ቶሎ ይይዘዋልና።

ያ ሰው ከጥፋቱ በኋላ ሌላ ዋንዛ ተከለ፤ በዚህ ጊዜ ግን ከቤቱ ራቅ አድርጎ ነበር። በሦስተኛው ዓመት በጥር ወር ዛፉን እንደ ፊተኛው ባላ ሆኖ አገኘው። ሴት ልጁንም ጠርቶ የሚቈረጥበትን ስፍራ በጣቷ አስዳሰሳት፤ ትንሹንም መጋዝ ሰጣት።

እርሷም፥ «አባባ፥ የትኛውን ልቍረጥ?» ብላ ጠየቀችው።

እርሱም ቀጥ ያለውን በእጁ ያዘ። ልጅቱም ሌላውን ቈረጠች፤ የተቈረጠውም የአውራ ጣት ያህል ነበረ።