ያደረ ዱካ

[ድምፅ፦ የንጋት ወፎች። የውሻ ጩኸት ቀርቦ ይሰማና ይርቃል።]

ተራኪ፦ አስኮ ነን። የአምቦ መንገድ ወደ ቡራዩ ሳይወጣ፣ ባሕር ዛፉ ከቤቶቹ ጋር በሚገናኝበት ዳገት። ጤዛው ከሣሩ ላይ ገና አልረገፈም። ሌሊት ጅብ ወርዶ ነበር፤ ሰፈሩ ጩኸቱን ሰምቶታል። አሁን ነግቷል፤ ጅቡም ወደ ጫካው ተመልሷል።

አንዲት ቀይ የሐበሻ ውሻ መንገዱን ተሻግራ ሣሩ ውስጥ ትገባለች። አፍንጫዋ መሬት ሊነካ ምንም አልቀረው። ሁለት እርምጃ ትሄድና ትቆማለች፤ ወደ ግራ ትላለች፤ ዞር ብላ ያሸተተችውን ደግማ ታሸታለች። የጀርባዋ ፀጉር ተነሥቷል። ጅቡ በዚህ አልፏል፤ ካለፈ ግን ሰዓታት ተቆጥረዋል። ጥቂት ሜትር ትከተለዋለች። ከዚያ ቀና ትልና ትታው ወደ ሰፈሯ ትመለሳለች።

ዱካው እዚያው አለ፤ አፍንጫዋም አግኝቶታል። ታዲያ ለምን ተወችው? በሌላ አገር አዳኞች ትውልድ በትውልድ እየመረጡ ያራቧቸው ውሾች እንዲህ ያለውን ያደረ ዱካ ይዘው ኮረብታ የሚያቋርጡት እሷ የሌላት ምን ስላላቸው ነው?

[ሙዚቃ ገብቶ ይወጣል።]

ተራኪ፦ ሰውም አውሬም በሄደበት ሁሉ ከራሱ የሆነ ነገር ይጥላል። ከቆዳው ዓይን የማያየው ብናኝ ይረግፋል፤ ላቡና ቅባቱ ይቀራል። እግሩ የጨፈለቀው ሣር ይሸታል፤ የገለበጠው አፈርም የራሱ ሽታ አለው። ባክቴሪያ ብናኙን ሲበላው ደግሞ ሌላ ሽታ ይፈጠራል። ሰዓቱ ሲገፋ ቶሎ የሚተንኑት ሽታዎች ያልቃሉ፤ ከባዶቹ ብቻ መሬት ይዘው ይቆያሉ። ፀሐይና ነፋስ ጥፋቱን ያፋጥኑታል፤ እርጥበትና ቅዝቃዜ ያቆዩታል። ስለዚህ ሌሊቱ ቀዝቃዛ፣ ጠዋቱ ጤዛማ የሆነ እንደ አስኮና እንደ መናገሻ ያለ ደጋ ለአነፍናፊ ውሻ ይመቻል። ያው መሬት በበጋ እኩለ ቀን ላይ በጣም ይከብደዋል።

አፍንጫውን ቀረብ ብለን እንየው። ውሻ ሲያነፈንፍ በሰከንድ አምስት ጊዜ ያህል አየር ይስባል። የተሳበው አየር አፍንጫው ውስጥ ይከፈላል፤ አብዛኛው ወደ ሳንባ ይወርዳል፤ የቀረው ከኋላ በኩል ሽታ ወደሚለይበት ክፍል ይገባል። ሲያስወጣ አየሩ የሚወጣው በአፍንጫው ጎንና ጎን ባሉት ስንጥቆች ነው፤ በመሆኑም ከፊቱ ያለው ሽታ አይበተንበትም። ሽታ ለመቀበል የሚያገለግሉ በሥራ ላይ ያሉ ጂኖች በሰው 400 ገደማ ሲሆኑ፣ በውሻ 800 ገደማ ይደርሳሉ።

እ.ኤ.አ. በ1993 የታተመ የኖርዌይ ተመራማሪዎች ጥናት ይህ አፍንጫ ምን እንደሚችል አሳይቷል። ሰው ሣር ላይ ተራምዶ ካለፈ ከ20 ደቂቃ በኋላ ጀርመን ሼፐርድ ውሾች ከጎን በኩል ወደ ዱካው እንዲመጡ ተደረገ። ዱካውን ሲያገኙ ረገብ አሉ፤ ከሁለት እስከ አምስት ኮቴ፣ ከሦስት እስከ አምስት ሰከንድ ድረስ አሸተቱ፤ ከዚያ ሰውየው ወደሄደበት አቅጣጫ ተነሡ። በአንዱ ኮቴና በሚቀጥለው መካከል ያለፈው ጊዜ እኮ አንድ ሰከንድ ያህል ነው! ዱካው ባረጀ ቁጥር ግን ያ ልዩነት እየሳሳ ይሄዳል። ያልሠለጠነ ውሻ ያደረ ዱካ አግኝቶ አውሬው ወደመጣበት፣ ወደ ኋላ ቢሮጥ አይፈረድበትም።

[ድምፅ፦ የአዳኝ ውሾች ረጅም፣ ወፍራም ጩኸት በጫካ ውስጥ።]

ተራኪ፦ ያረጀ ዱካ የሚይዝ ውሻ የማራባት ታሪክ ረጅም ነው። በቤልጂየም አርደን ጫካ የነበረው የቅዱስ ሁበርት ገዳም መነኮሳት ያራቧቸው ጆሯቸው የረዘመ፣ ቆዳቸው የተንዘላዘለ ውሾች የዛሬው ብላድሀውንድ ቅድመ አያቶች እንደሆኑ ይነገራል። እ.ኤ.አ. በሰኔ 1977 ማርቲን ሉተር ኪንግን በመግደል ተፈርዶበት የታሰረው ጄምስ ኧርል ሬይ ከቴነሲ ወህኒ ቤት አምልጦ ተራራ ገባ። ከሁለት ቀን በላይ ከተሸሸገ በኋላ ደርሰው ያሲያዙት ብላድሀውንዶች ናቸው።

ለጥያቄያችን ከሁሉ ይበልጥ የሚቀርበው ግን የአሜሪካ ራኩን አዳኞች ታሪክ ነው። ራኩን በሌሊት የሚንቀሳቀስ፣ ሲያባርሩት ዛፍ ላይ የሚወጣ አነስተኛ አውሬ ነው። አዳኞቹ በውሻ ምርጫ ተለያዩ። አንዱ ወገን የሚፈልገው ትኩስ ዱካ ይዞ እንደ ጥይት የሚፈተለክ፣ አደኑን ቶሎ የሚጨርስ ውሻ ነበር። ሌላው ወገን ዘገምተኛውን መረጠ፤ ሌላው ውሻ ሳያየው የሚያልፈውን አሮጌ ዱካ ጎንበስ ብሎ እየለቀመ፣ ሲጠፋበት እየተመለሰ፣ ሰዓታት ቢፈጅም አውሬው ዘንድ የሚያደርሰውን። ኢንግሊሽ ኩንሀውንድ የተባለው የራኩን ውሻ አርቢዎች ወደ ፍጥነቱ እያደሉ ሲሄዱ ዘገምተኛውን የመረጡት የብሉቲክ አርቢዎች እ.ኤ.አ. በ1945 ተገነጠሉ፤ በዓመቱም ዩናይትድ ኬኔል ክለብ ብሉቲክን ራሱን የቻለ ዝርያ ብሎ መዘገበው። ፍጥነት በነገሠበት ዘመን ዝግታን ለማቆየት ብሎ መለየት ቆራጥነት ይጠይቃል፤ እኔ አክብሬያቸዋለሁ።

እነዚህ አርቢዎች የሚመዝኑት አፍንጫን ብቻ አይደለም። ዱካ ሳይኖር የሚጮኽ ውሻ አዳኙን ሌሊቱን ሙሉ በከንቱ ያንከራትታል፤ ስለዚህ ከእርባታ ይወጣል። ዱካ ሲጠፋበት ባለቤቱን ዞሮ የሚያይም እንዲሁ። የሚቀረው ሲጠፋበት ክብ ሠርቶ ራሱ የሚፈልገው ነው። ከእሱም ልጆች ሲወለዱ እንደገና ይመረጣሉ።

ሳይንሱም ይህንኑ የሚደግፍ ይመስላል። እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣ የራስ ቅል ጥናት የሽታ ነርቮች የሚያልፉበትን ቀዳዳ ቀዳዳ አጥንት ሲለካ፣ አዳኝ የሚባሉትን ጨምሮ የውሻ ዝርያዎች ከተኩላ ያነሰ ሆነው ተገኙ፤ አነፍናፊዎቹም ከሌሎቹ ዝርያዎች የበለጠ አልነበራቸውም። በ2015 በተደረገ ሌላ ሙከራ ደግሞ አፍንጫ ደፍጣጣው ፐግ ሽታ ለይቶ በማወቅ ጀርመን ሼፐርድን በልጧል። በ2016 ሀንጋሪ ውስጥ በተደረገ ፈተና ግን ለሽታ ተመርጠው የተራቡ ዝርያዎች በአማካይ ከሌሎቹ የተሻለ ውጤት አምጥተዋል።

ሦስቱን አንድ ላይ ሳያቸው የሚታየኝ ይህ ነው፦ አርቢዎቹ ያሳደጉት የአፍንጫን መጠን አይደለም፤ አለመልቀቅን ነው። የአስኮዋ ውሻ የጎደላት አፍንጫ አይመስለኝም። በእናቷም፣ በአያቷም ትውልድ ዱካ ሳትለቅ በመቆየቷ የተመረጠች የለችም። የተመረጡት ግቢ በመጠበቅና ጅብ ሲመጣ በመጮኽ ነው፤ በዚያ ደግሞ ጎበዞች ናቸው።

[ሙዚቃ]

ተራኪ፦ አዳኝ ውሻ ለእኛ ምን ያደርግልናል የሚል ይኖራል። የዱር እንስሳት ሕጋችን ያለ ፈቃድ ማደንን ይከለክላል፤ መከልከሉም ተገቢ ነው። ከአስኮ ብዙ በማይርቀው የመናገሻ ሱባ ደን የምኒልክ ድኩላና ጉሬዛ አሉ፤ ውሻ ልናሰማራባቸው አይገባም።

ያደረ ዱካ የሚፈልጉ ሌሎች ጉዳዮች ግን ሞልተዋል። ማታ የተሰረቀ በሬ ጠዋት ይፈለጋል፤ ጫካ የገባ ልጅ፣ መንገድ የጠፋባቸው አዛውንት ይፈለጋሉ። በደቡብ አፍሪካ ክሩገር ፓርክ ከቴክሳስ የመጡ ኩንሀውንዶች በመንጋ ተለቀው የአውራሪስ አዳኞችን ዱካ ይከተላሉ፤ በኮንጎ ቪሩንጋ ፓርክም ብላድሀውንዶች የዚሁ ሥራ አጋር ሆነዋል። አውሬ ለማደን የተራባው ውሻ የአውሬው ጠባቂ ሆነ ማለት ነው።

አገራችንም ለእንስሳ አፍንጫ እንግዳ አይደለችም። ከኤርትራ ጋር ከተደረገው ጦርነት በኋላ የተቋቋመው የፈንጂ አምካኝ ጽሕፈት ቤት በኖርዌይ ሕዝብ ርዳታ ድርጅት ድጋፍ ፈንጂ አነፍናፊ ውሾችን አሰማርቷል።  አዲስ አበባ ውስጥ ደግሞ አፖፖ የተባለው ድርጅት ከአርማወር ሐንሰን የምርምር ኢንስቲትዩት ጋር ሆኖ በአክታ ናሙና ውስጥ የቲቢ በሽታን የሚለዩ አይጦችን አሠርቷል።

እነዚህ ውሾችና አይጦች ሠልጥነው የመጡ ናቸው። የሐበሻ ውሻን ግን ከዚሁ መጀመር ይቻላል፤ ደጋውን፣ ዝናቡንና ጅቡን ለምዶታል። መጀመሪያ የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት፤ ይህ ለነገ የሚባል አይደለም። ከአስኮ ወደ ጳውሎስ ሆስፒታል ሲወረድ ሰው እስከ ዛሬ ፓስተር የሚለው ተቋም በር ላይ በውሻ የተነከሰ ልጅ ይዞ የቆመ ወላጅ ያየ ሰው ምክንያቱን አይጠይቅም።

ከዚያ ምርጫው ነው። ከአንድ እናት የተወለዱ ቡችሎች አደግ ሲሉ፣ አንድ ቁራጭ የበግ ቆዳ በገመድ ታስሮ ሣር ላይ ይጎተትና ጫፉ ላይ ሥጋ ይቀመጣል። ቡችሎቹ የሚለቀቁት አንድ በአንድ ነው። መጀመሪያ ወዲያው፤ ሲለምዱ ከግማሽ ሰዓት በኋላ፤ ቀጥሎ ከሁለት ሰዓት በኋላ፤ በመጨረሻ ማታ ተጎትቶ ጠዋት። መንገዱ ቀጥ ያለ እንዳይሆን መታጠፊያ ይደረግበታል፤ ቡችላው ማንነቱን የሚያሳየው እዚያ ነውና። አንዱ መታጠፊያው ላይ አፍንጫውን ቀና አድርጎ ይመለሳል። ሌላው ዱካው ወደጠፋበት ቦታ ተመልሶ መሬቱን እየዞረ ያሸታል።

ይህኛው የተፈተነበት ቀን፣ ሰዓት፣ የአየር ሁኔታና የእናቱ ስም ደብተር ላይ ይጻፋል። ሲያድግም የሥጋ ዘመዱ ካልሆነች፣ እንደሱ መታጠፊያው ላይ ከቆየች ውሻ ጋር ይገናኛል። ከእነሱ የሚወለዱትም በዚያው ቆዳ፣ በዚያው ገመድ ይፈተናሉ።

[ድምፅ፦ ሣር ላይ የሚጎተት ቆዳ። የቡችላ ማነፍነፍ።]