ሾፌር የሌለው መኪና ማንኪራ ቢደርስ

ባለፈው ክረምት መውጫ ላይ ነው። ከቦንጋ ከተማ ተነስተን የቡና መገኛ ወደምትባለው ማንኪራ እየተጓዝን ሳለ የተሳፈርንበት ላንድክሩዘር አንድ ቁልቁለት እንደጨረሰ ጭቃ ይዞት ቀጥ አለ። ሾፌራችን አልተደናገጠም። ሞተሩን አጥፍቶ ወረደና ጭቃውን በእግሩ ረገጥ ረገጥ እያደረገ ፈተሸው። ከመንገዱ በላይ ካለ ቤት ብቅ ላሉ አንድ አባት እጅ ነስቶ ሰላምታ ካቀረበ በኋላ በየት በኩል ማለፍ እንደሚሻል ጠየቃቸው። እሳቸውም በስተቀኝ ያለው ላዩ ደረቅ ቢመስልም ከሥሩ ውኃ የቋጠረ መሆኑን፣ ትናንት ያለፈው አይሱዙ ግራውን ይዞ እንደወጣ ነገሩት። ሾፌራችንም ወደ ኋላ መለስ ብሎ እንደተባለው አደረገ። ሁሉም ነገር አሥር ደቂቃ አልፈጀም።

ማታ ቦንጋ ተመልሰን ቡና ስንጠጣ አብሮን የተጓዘ የአዲስ አበባ ወጣት ስልኩን አውጥቶ አንድ ቪዲዮ አሳየን። በሳን ፍራንሲስኮ ከተማ የሚሠራ ታክሲ ነው። መሪው ራሱ ይዞራል፤ የሾፌሩ መቀመጫ ላይ ግን ማንም የለም። ስልኩ ከእጅ ወደ እጅ ዞረ። በቦታው አራት ሾፌሮች ነበሩና ጨዋታው ደራ።

የላንድክሩዘራችን ሾፌር ጥያቄው አንድ ብቻ ነበር፤ «ጭቃ ሲይዘው ማንን ይጠይቃል?» የባጃጅ ነጂው ወጣት «መጀመሪያ የሚቀማው የኛን እንጀራ ነው» አለ። ከጅማ ቦንጋ የሚመላለሰው የሚኒባስ ሾፌር መኪናው ራሱን አስተካክሎ ያቆማል ሲባል ሳቀና «ይኼማ እኔም አለኝ፤ ረዳቴ ነዋ!» አለ። ዕድሜው ገፋ ያለው የጭነት መኪና ሾፌር ግን አልሳቀም። «መንዳቱን ይተወው። ሌሊት እንቅልፍ ሲያዳፋኝ የሚቀሰቅሰኝ ከሆነ ግን ዛሬውኑ ይምጣልኝ» አለ።

አዲስ አበባ ከተመለስኩ በኋላ ነገሩን ሳገላብጠው፣ እነዚህ አራት ሰዎች ከቡና ሲኒ ጀርባ የሰጡት አስተያየት መሐንዲሶች ለዓመታት የተወዛገቡበትን ጉዳይ ከሞላ ጎደል የሚነካ ሆኖ አገኘሁት። አንድ በአንድ እንየው።

ረዳቱና ማሚቶው

በሚኒባሱ ሾፌር እንጀምር። ራሱን የሚያቆም መኪና አዲስ ነገር አይደለም። ቶዮታ ኩባንያ ፕሪየስ በተባለችው መኪናው ላይ ይህንን መሣሪያ ገጥሞ በጃፓን ለገበያ ያቀረበው እ.ኤ.አ. በ2003 ነው። መኪናዋ መሪውን ትይዛለች፤ ሾፌሩ ፍሬኑን ይቆጣጠራል። በ2006 ደግሞ ሌክሰስ ኤልኤስ 460 ይህንኑ ይዞ ወደ አሜሪካ ገበያ ገባ።

አሠራሩ የሌሊት ወፍ በጨለማ ከምትበርበት ዘዴ ጋር ይመሳሰላል። በፊትና በኋላ ፓራውልት ላይ የሳንቲም ስፋት ያላቸው መሣሪያዎች ይገጠማሉ። እነዚህ የሰው ጆሮ የማይሰማው ድምፅ ይለቃሉ። ድምፁ ከቆመ መኪና ወይም ከግድግዳ ጋር ተጋጭቶ ሲመለስ የወሰደው ጊዜ ይሰላና ርቀቱ ይታወቃል። ካሜራ የሚታከልባቸው መኪኖችም አሉ። ቦሌ ባለ አንድ ሕንፃ ምድር ቤት፣ በሁለት ምሰሶዎች መካከል መኪና ለማቆም ከዚህ የተሻለ አጋዥ አይገኝም።

ዘዴው ግን ሁለት ጠላቶች አሉት። አንደኛው ጭቃ ነው። መሣሪያው በጭቃ ከተለሰነ ድምፁ አይወጣም፤ ከማንኪራ የተመለሰ መኪና ፓራውልት ምን እንደሚመስል ያየ ሰው ይህን ለመረዳት አይቸገርም። ሁለተኛው ጉድጓድ ነው። ማሚቶ የሚመልሰው ቆሞ የሚገኝ ነገር ነው፤ ክዳን የሌለው የፍሳሽ ቱቦ ምንም አይመልስም። «ና! ና! ቁረጥ! መልስ! በቃ!» የሚለው ረዳት ግን ቱቦውንም፣ ዳር ላይ ቲማቲም ዘርግታ የተቀመጠችውን ሴትም ያያል። የሚኒባሱ ሾፌር ሳቅ ያለ ምክንያት አልነበረም።

ከዜሮ እስከ አምስት

«ራሱን የሚነዳ መኪና» ሲባል ሁላችንም አንድ ዓይነት ነገር የምናስብ ይመስለናል። መሐንዲሶቹ ግን ደረጃ አውጥተውለታል። ኤስኤኢ የተባለው የተሽከርካሪ መሐንዲሶች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2014 ባወጣው መለኪያ መሠረት ደረጃዎቹ ስድስት ናቸው።

በዜሮ ደረጃ መኪናው ጮኾ ሊያስጠነቅቅ ቢችልም መንዳቱ የሾፌሩ ነው። በአንደኛው ከመሪና ከፍጥነት አንዱን ይይዛል። በሁለተኛው ሁለቱንም ይይዛል፤ ሾፌሩ ግን ዐይኑን ከመንገዱ መንቀል አይችልም። ረዳቱ መሪ ጨብጦ ሾፌሩ ከአጠገቡ በንቃት እንደሚከታተለው ዓይነት ማለት ነው። በሦስተኛው ደረጃ፣ በተፈቀደለት መንገድ ላይ ሾፌሩ ሌላ ነገር መሥራት ይችላል፤ መኪናው ሲጠራው ግን መረከብ አለበት። መርሰዲስ እ.ኤ.አ. በ2022 በጀርመን ለገበያ ያቀረበው ይህንን ነው። በአራተኛው ደረጃ በተወሰነ ክልል ውስጥ ሾፌር ጭራሽ አያስፈልግም። በቪዲዮው ያየነው ታክሲ እዚህ ይመደባል። አምስተኛው ደረጃ የትም አገር፣ በማንኛውም መንገድ ያለ ሾፌር የሚሄድ መኪና ሲሆን እስካሁን ለገበያ ያቀረበው የለም። ማንኪራ የሚያደርሰው እንግዲህ ይኼኛው ነው።

ጭቃው ወይስ ሰው?

የላንድክሩዘሩን ሾፌር ጥያቄ ስሰማ መጀመሪያ የመሰለኝ ችግሩ የመንገዱ መበላሸት ብቻ ነው። ታሪኩ ግን ሌላ ይናገራል። የአሜሪካ መከላከያ የምርምር ተቋም ዳርፓ እ.ኤ.አ. በ2004 በሞሃቪ በረሃ ሾፌር የሌላቸው መኪኖች ውድድር አዘጋጀ። ከሁሉ የተሻለው መኪና የሄደው 12 ኪሎ ሜትር እንኳ አይሞላም። በዓመቱ ግን ከስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ የመጣው ስታንሊ የተባለ መኪና 212 ኪሎ ሜትር ያህል የበረሃ መንገድ ጨርሶ አሸነፈ። አስፋልት አልነበረም፤ አቧራና ጠመዝማዛ ነበር። በዚያ በረሃ ያልነበረው ሰው ነው።

የጉግል እህት ኩባንያ የሆነው ዌይሞ እ.ኤ.አ. በ2020 ሾፌር አልባ ታክሲውን በፊኒክስ ከተማ ለሕዝብ ሲከፍት የመረጠው ሰፋፊ ጎዳና፣ ግልጽ የመንገድ ቀለምና አብዛኛውን ጊዜ ፀሐይ ያለበትን ቦታ ነው። መንገዱም አስቀድሞ በዝርዝር ካርታ ተነስቷል። የከፋ ዞን ደግሞ ዝናቡ ብዙ ወራት የሚቆይ፣ ጠዋት ጠዋት ጉም የሚወርድበት አገር ነው። ትናንት የተነሳ የመንገድ ካርታ ዛሬ ዝናብ ሲጥል ይለወጣል።

እንስሳቱንም እናስብ። ቮልቮ ኩባንያ በስዊድን የዱር አጋዘኖችን እንዲለይ ያሠለጠነው መሣሪያ አውስትራሊያ ላይ በካንጋሮ ተቸግሮ እንደነበር እ.ኤ.አ. በ2017 ተዘግቧል። ካንጋሮው ሲዘል አየር ላይ ስለሚሆን መሣሪያው ርቆ የሄደ ይመስለዋል፤ ሲያርፍ ደግሞ የቀረበ። የኛ አህያ አትዘልም፤ ነገር ግን መሀል አስፋልት ላይ ቆማ ታስባለች። በሬዎቹን የሚነዳው ልጅ እጁን ሲያነሳ «እለፍ» ይሁን «ቁም» የሚያውቀው የአገሩ ሾፌር ነው።

አንድ ምሳሌ ልጨምር። በአገራችን መንገድ ላይ ተቆርጦ የተጣለ ለምለም ቅጠል ሲታይ ከፊት የተበላሸ መኪና መኖሩን ሕፃን እንኳ ያውቃል። ያን ቅጠል ያልተማረ ካሜራ የሚያየው ግን ቆሻሻ ነው። ማሠልጠን ይቻላል፤ ነገር ግን ሊያሠለጥን የሚመጣ ሰው መኖር አለበት። ገበያው የሚጠራው ወደ ሳን ፍራንሲስኮ እንጂ ወደ ማንኪራ አይደለም። በዚህ ምክንያት የባጃጁ ወጣት እንጀራው በቶሎ አይነካበትም ባይ ነኝ።

ግማሽ ሾፌር

ይህን ሁሉ ካልኩ በኋላ «እንግዲያው ነገሩ አይመለከተንም» ብሎ መዝጋት ይቀልል ነበር። ስህተት ይሆናል። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ የቻይና የኤሌክትሪክ መኪኖች ከተማውን ሞልተውታል። ከእነዚህም ውስጥ ከፊት ያለውን መኪና ርቀት ጠብቀው የሚከተሉ፣ መስመር ሲለቁ መሪውን የሚመልሱ፣ ራሳቸው ፍሬን የሚይዙ አሉ። ባለ ሁለተኛው ደረጃ መኪና እንግዲህ ቤታችን ገብቷል።

ቢዋይዲ ኩባንያ በቻይና ያስተዋወቀውን መሣሪያ «የእግዜር ዐይን» ብሎታል። ቦንጋ አጠገብ የእግዜር ድልድይ የሚባል የተፈጥሮ የድንጋይ ድልድይ አለ። ድልድዩን ስሙ ይገባዋል፤ የመኪና ካሜራን በእግዜር ስም መጥራት ግን ሾፌሩን ያዘናጋል ብዬ እሰጋለሁ። መዘናጋት ምን እንደሚያስከትል የታየው ደግሞ ከዚያ ቀደም ብሎ ነው።

እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2018 በአሪዞና ግዛት ቴምፔ ከተማ የኡበር የሙከራ መኪና ሌሊት ብስክሌት እየገፋች መንገድ የምታቋርጥ ሴት ገጭቶ ገደለ። መኪናው ውስጥ ተቆጣጣሪ ሾፌር ነበረች፤ ስልኳን እያየች ነበር። የአሜሪካ የትራንስፖርት ደኅንነት ቦርድ ባደረገው ምርመራ፣ ፕሮግራሙ እግረኛ ከዜብራ ውጪ ሊያቋርጥ ይችላል ብሎ እንዲያስብ አለመደረጉን ደረሰበት። ከዜብራ ውጪ! ይህን ያነበበ የመገናኛ ወይም የመርካቶ ሾፌር ምን እንደሚል አንባቢ ይፍረድ። በመጨረሻ ኩባንያው በወንጀል አልተከሰሰም፤ በ2023 ጥፋተኝነቷን አምና የተቀጣችው ሾፌሯ ናት። ቴስላም በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ላይ ሾፌሩ ነቅቶ መከታተሉን የሚያረጋግጠውን ሥርዓት ለማጥበቅ ሲል በአሜሪካ ከ2 ሚሊዮን በላይ መኪኖቹን ለማስተካከል ተገድዷል።

አደጋው ያለው እንግዲህ መሀል ላይ ነው። ምንም የማይሠራ መኪና ሾፌሩን ነቅቶ ያቆየዋል። ሁሉን የሚሠራ መኪና ሾፌር አይፈልግም። ዘጠና ዘጠኝ ጊዜ በትክክል ሠርቶ አንድ ጊዜ የሚስተው ግን ሾፌሩን አስተኝቶ ለዚያች አንዲት ጊዜ ይጠራዋል።

እስር ቤት የሚገባው ማን ነው?

ይህ ጽሑፍ መኪና ከሚነዱት ይልቅ ሾፌር ያላቸውን፣ የመሥሪያ ቤት ኃላፊዎችንም የሚመለከተው እዚህ ላይ ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ቁጥር 2081 መኪና ላደረሰው ጉዳት ካሣ የሚጠየቀው ባለቤቱ ነው ይላል። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ አንቀጽ 543 ደግሞ በቸልተኝነት ሰው መግደልን ሲደነግግ፣ እንደ ሐኪምና እንደ ሾፌር የሰውን ሕይወት የመጠበቅ ግዴታ ያለበትን ሰው ለይቶ ጠቅሶ ከአንድ እስከ አምስት ዓመት በሚደርስ ቀላል እስራት ይቀጣዋል። ደንብ ተጥሶ ከሆነ ደግሞ ቅጣቱ እጅግ ይከብዳል። ሕጉ ሲጻፍ ሾፌር የተባለው ሰው እንጂ ኮምፒውተር አልነበረም።

ባለቤቱ ገንዘብ ይከፍላል፤ ሾፌሩ በዕድሜው ይከፍላል። እንግዲህ አንድ መሥሪያ ቤት አዲስ መኪና ገዝቶ «ይኼ ራሱ ይነዳል» ብሎ ቁልፉን ለሾፌሩ ቢያቀብለው፣ መመሪያው የተጻፈው ሾፌሩ በማያነበው ቋንቋ ቢሆን፣ መኪናው የሚጮኸው ለምን እንደሆነ ሳያውቅ ጅማ መንገድ ላይ ቢወጣ፣ ከአደጋው በኋላ ፖሊስ ጣቢያ የሚገኘው መኪናውን የገዛው ኃላፊ አይደለም። ስለዚህ ቁልፍ ከመስጠት በፊት መኪናው የስንተኛ ደረጃ እንደሆነ ማጣራት፣ ሾፌሩን በሚገባው ቋንቋ ማስረዳትና እጁን ከመሪ ላይ እንዳያነሳ በግልጽ መንገር ትልቅ ወጪ የማይጠይቅ ጥንቃቄ ነው።

የጭነት መኪናው ሾፌር ጥያቄ ቀርቶኛል። የአሜሪካ አውቶሞቢል ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2025 ይፋ ባደረገው ጥናት ራሱን በሚነዳ መኪና ለመሳፈር የሚተማመኑት ሾፌሮች ከመቶ 13 ብቻ ሲሆኑ ከመቶ 61 ያህሉ እንደሚፈሩ ተናግረዋል። እነዚሁ ሰዎች ግን በአብዛኛው ቀጣዩ መኪናቸው ራሱ ፍሬን የሚይዝ መሣሪያ እንዲኖረው ይፈልጋሉ። ቦንጋ ላይ የሰማሁት ይህንኑ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በዓመት በመኪና አደጋ ከሚሞቱት 1.19 ሚሊዮን ሰዎች ከመቶ 92 ያህሉ የሚሞቱት እንደኛ ባሉ ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገሮች ነው። ሾፌሩን ለማንቃት የሚጮኸውም ሆነ ራሱ ፍሬን የሚይዘው መሣሪያ ግን በብዛት የሚገጠመው ውድ በሆኑት አዳዲስ መኪኖች ላይ ነው። ሌሊቱን ጭነት ይዞ የሚያድረው አሮጌ አይሱዙ የለውም።

በማግስቱ ጠዋት ጉሙ ሳይነሳ ወደ ጅማ ስንወጣ ከፊታችን አንድ የጭነት መኪና መብራቱን አብርቶ እያዘገመ ነበር። ሾፌራችን ሳያልፈው ረጅም መንገድ ከኋላው ተከተለ። ለምን እንደማይቀድመው ስጠይቀው፣ «ሌሊቱን ሲነዳ ያደረ ይመስለኛል፤ ቀኙንና ግራውን ሲረግጥ አላየህም?» አለኝ። ከዚያም ክላክሱን ሁለት ጊዜ ነካ ነካ አደረገለት።