«አጥፋው» ሲባል ምኑን? ኮንቴነርን፣ ኢሜጅንና ቨርቹዋል ማሽንን በትክክል ስለ መጥራት

ዛሬ የተማሪዎቻቸውን ስም ዝርዝር፣ የወርኃዊ መዋጮ መዝገባቸውን ወይም ድረ ገጻቸውን በሰርቨር ላይ የሚያስቀምጡ መድረሳዎችና የበጎ አድራጎት ማኅበራት አሉ። ሥራውን የሚሸከሙት ብዙ ጊዜ ጥቂት ፈቃደኛ ወጣቶች ናቸው። አንዱ ይጀምረዋል፣ ሌላው ይረከበዋል፤ ርክክቡም በስልክና በቴሌግራም ያልቃል። በዚህ መሀል «ቦታ ስለጠበበ ኢሜጁን አጥፋው» የሚል አጭር መልእክት ቢላክ ምን ይሆናል? ተቀባዩ በተረዳበት መንገድ ወይ ምንም ጉዳት አይደርስም፣ ወይ የዓመታት መዝገብ ይጠፋል። በዚህ ጽሑፍ እነዚህን ስሞች አንድ በአንድ እንለያቸዋለን።

ቨርቹዋል ማሽን እና ኮንቴነር

ቨርቹዋል ማሽን በአንድ እውነተኛ ኮምፒውተር ውስጥ በሶፍትዌር የተሠራ ሌላ ሙሉ ኮምፒውተር ነው። የራሱ ዲስክና የራሱ ሚሞሪ ያለው ሆኖ ይሠራል፤ የራሱ ኦፕሬቲንግ ሲስተምም ይጫንበታል። እውነተኛውን ኮምፒውተር ለእነዚህ ማሽኖች የሚያከፋፍለው ሶፍትዌር ሃይፐርቫይዘር ይባላል። ሐሳቡ የቆየ ነው፤ አይቢኤም በትላልቅ ኮምፒውተሮቹ ላይ የሞከረው በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ነበር።

ኮንቴነር ግን ሙሉ ኮምፒውተር አይደለም። ከሌሎች ፕሮግራሞች ተከልሎ የሚሠራ ፕሮግራም ነው። የሚያስፈልጉትን ፋይሎች ይዞ ይመጣል፤ የኦፕሬቲንግ ሲስተሙን እምብርት፣ ማለትም ከርነሉን፣ ግን ከአስተናጋጁ ኮምፒውተር ጋር ይጋራል።

በአንድ ግቢ ውስጥ ያሉ የኪራይ ክፍሎችን እናስብ። እያንዳንዱ ተከራይ የራሱ በርና የራሱ ቁልፍ አለው፤ ውሃው፣ መብራቱና ማድ ቤቱ ግን የጋራ ነው። ኮንቴነር እንዲህ ነው። ቨርቹዋል ማሽን ደግሞ በዚያው መሬት ላይ የራሱ አጥር፣ የራሱ ቆጣሪና የራሱ ማድ ቤት ያለው ቤት ነው። ክፍሉ በቶሎ ይከፈታል፣ ወጪውም ያነሰ ነው። ቤቱ ብዙ ቦታ ይወስዳል፣ ከጎረቤት የሚለየው ግን በጠነከረ አጥር ነው። በጋራ ከርነሉ ላይ የደኅንነት ክፍተት ቢገኝ ለሁሉም ኮንቴነሮች አደጋ የሚሆነውም በዚህ ምክንያት ነው።

እዚህ ላይ አንድ ስም እናጥራ። ብዙዎቻችን ኮንቴነርን ሁሉ «ዶከር» እንለዋለን። ዶከር በ2013 (እ.ኤ.አ.) ይፋ የሆነና ኮንቴነርን ያስፋፋ መሣሪያ ነው። ይሁን እንጂ እንደ ፖድማን ያሉ ሌሎች መሣሪያዎችም ኮንቴነር ያሠራሉ።

ኢሜጅ፦ አንድ ቃል፣ ሁለት ነገር

ትልቁ ግራ መጋባት ያለው እዚህ ነው። በማስተማር ሥራ ላይ ሳለን ከምናውቀው ነገር ምሳሌ እንውሰድ። መምህሩ ዋናውን የፈተና ወረቀት አዘጋጅቶ አርባ ኮፒ ያስነሣል። ተማሪው መልሱን የሚጽፈው በኮፒው ላይ ነው። ኮፒው ተቀዶ ቢጣል ዋናው ወረቀት ንጹሕ እንደሆነ ይቆያል፣ ሌላ ኮፒም ይነሣለታል። የተማሪው መልስ ግን ከተቀደደው ወረቀት ጋር ሄዷል።

የኮንቴነር ኢሜጅ ዋናው ወረቀት ነው፤ ይነበባል እንጂ አይጻፍበትም። ኮንቴነር ከእርሱ የተነሣው ኮፒ ነው። ከአንድ ኢሜጅ ብዙ ኮንቴነሮች ይነሣሉ፤ አንዱ የሚጽፈው በሌላው ላይ አይታይም። በ2015 (እ.ኤ.አ.) የተመሠረተው የኮንቴነሮች የጋራ ደረጃ አውጪ ኅብረትም የኢሜጁን አሠራርና የኮንቴነሩን አሠራር በሁለት የተለያዩ ሰነዶች ነው የደነገገው።

የቨርቹዋል ማሽን የዲስክ ኢሜጅ ግን ሌላ ነው። እርሱን የሚመስለው የመምህሩ ሮስተር ነው። ማሽኑ ሲሠራ የሚጽፈው በቀጥታ በዚያ ፋይል ላይ ነው። ቨርቹዋል ቦክስ የዲስኩን ፋይል አብዛኛውን ጊዜ ቪዲአይ በሚባል ዓይነት፣ ቪኤምዌር ደግሞ ቪኤምዲኬ በሚባል ዓይነት ያስቀምጠዋል። ይህ ፋይል ከተሰረዘ ዲስኩ ላይ የነበረው ሁሉ፣ ኦፕሬቲንግ ሲስተሙም መዝገቡም፣ አብሮ ይሄዳል። በርግጥ በቨርቹዋል ማሽን ዓለምም አዲስ ማሽን ለማስነሣት ብቻ የሚቀመጥ ኢሜጅ አለ። እርሱን «መነሻ ኢሜጅ» ብለን ብንለየው ይበጃል።

እንግዲህ ወደ መልእክቱ እንመለስ። «ኢሜጁ» የኮንቴነር ኢሜጅ ከሆነ ቢሰረዝም ከመጣበት ማከማቻ እንደገና ይወርዳል፣ ወይም ከተሠራበት ፋይል እንደገና ይሠራል። የዲስክ ኢሜጅ ከሆነ ግን መጠባበቂያ ቅጂ ካልተያዘለት መመለሻ የለውም።

«ማጥፋት» የሚለው ቃል

ሌላው ችግር ከራሳችን ቋንቋ የሚመጣ ነው። በአማርኛ መብራት «እናጠፋለን»፣ ፋይልም «እናጠፋለን»። «ኮንቴነሩን አጥፋው» ሲባል አቁመው ማለት ነው ወይስ ሰርዘው?

ልዩነቱ ቀላል አይደለም። የቆመ ኮንቴነር በውስጡ የጻፈውን እንደያዘ ይቆያል፣ ሲነሣም ይቀጥላል። ሲቆም ራሱን እንዲሰርዝ ታዝዞ የተነሣ ከሆነ ብቻ ነው ማቆሙ መሰረዝ የሚሆነው። የተሰረዘ ኮንቴነር ግን በራሱ ውስጥ የጻፈውን ይዞ ይሄዳል። መዝገቡ የሚተርፈው አስቀድሞ ከኮንቴነሩ ውጭ፣ ለምሳሌ ቮልዩም በሚባለው ማስቀመጫ ውስጥ፣ እንዲጻፍ ተደርጎ ከነበረ ነው።

«ማደስ» የሚለውም እንዲሁ ነው። አዲስ ኢሜጅ ማውረድ እየሠራ ያለውን ኮንቴነር አያድሰውም። ዋናውን የፈተና ወረቀት ብናርም በተማሪው እጅ ያለው ኮፒ አይታረምምና። አሮጌው ኮንቴነር ተሰርዞ ከአዲሱ ኢሜጅ ሌላ መነሣት አለበት። ከመሰረዙ በፊት ደግሞ መዝገቡ የት እንዳለ መረጋገጥ ይኖርበታል።

ስለዚህ ምን ብለን እንናገር?

1. «ኢሜጅ» ብቻ አንበል። «የኮንቴነር ኢሜጅ»፣ «የዲስክ ኢሜጅ» ወይም «መነሻ ኢሜጅ» እንበል። «ምስል» ብሎ መተርጎሙም ሐሳቡን ወደ ፎቶ ስለሚወስደው ባይለመድ ይሻላል።

2. «ማጥፋት»ን ትተን «ማቆም» ወይም «መሰረዝ» እንበል።

3. «ሰርቨሩ» ስንል እውነተኛው ኮምፒውተር፣ ቨርቹዋል ማሽኑ ወይስ ኮንቴነሩ መሆኑን በስሙ እንጥቀስ።

4. በርክክብ ወቅት «መዝገቡ የሚጻፈው የት ነው? መጠባበቂያ ቅጂውስ የት አለ?» ለሚለው ጥያቄ መልሱን በወረቀት እናስፍር። የኮንቴነር ኢሜጁን ቅጂ መያዝ የመዝገቡን ቅጂ መያዝ አይደለም።

የተማሪዎች ስምና የሰዎች መዋጮ አደራ ነው። አደራውን የተረከበ ወጣት «የትኛውን ኢሜጅ? ላቁመው ወይስ ልሰርዘው?» ብሎ ደጋግሞ ቢጠይቅ አላዋቂ አያሰኘውም። ጠያቂው እስኪመለስለት ድረስ እጁን ከትእዛዙ ቢያነሣ፣ እኛም ቶሎ ጠርተን ብንመልስለት መልካም ነው።