የጎደለውን በመቁጠር፦ የጽልመታዊ ቁስ ፍለጋ በሰርን

በስዊዘርላንድና በፈረንሳይ ድንበር ሥር፣ 100 ሜትር ገደማ ጥልቀት ላይ፣ ዙሪያው 27 ኪሎ ሜትር የሆነ ዋሻ አለ። የፕሮቶን ጨረሮች በውስጡ በተቃራኒ አቅጣጫ ለብርሃን በተጠጋ ፍጥነት እየተምዘገዘጉ በአራት ስፍራዎች ይጋጫሉ። እ.ኤ.አ. በ2012 የሂግስ ቦዞን የተገኘው በዚሁ የሰርን ማጋጫ ነው። ሂግስ ፈርሶ ሌሎች ቅንጣቶችን ስለሚተው ዱካው ተያዘ። ጽልመታዊ ቁስ ግን ቢፈጠር እንኳ ዱካ ሳይተው የሚያመልጥ ነው።

መኖሩን ያሳወቀን ስበቱ ነው። በ1970ዎቹ ቬራ ሩቢንና ኬንት ፎርድ በጋላክሲዎች ዳርቻ ያሉ ከዋክብት በሚታየው ቁስ ስበት ብቻ ሊገታ በማይችል ፍጥነት እንደሚዞሩ ለኩ። ዛሬ የማይታየው ቁስ ከሚታየው አምስት እጥፍ ገደማ እንደሚበልጥ ይገመታል።

ታዲያ የማይታየው በምን ይያዛል? ባለሱቅ ማታ ሒሳቡን ሲዘጋ ጉድለቱን እንደሚያውቅ ሁሉ፣ በጉድለቱ ነው። ፕሮቶኖቹ የሚመጡት በጨረሩ መስመር ስለሆነ፣ ከግጭቱ በፊት ወደ ጎን ያላቸው ሞመንተም ዜሮ ያህል ነው፤ ከግጭቱም በኋላ ወደ ጎን የተበተነው ሁሉ ሲደመር ዜሮ መሆን አለበት። በአንድ ወገን ብርቱ የቅንጣቶች ፍንጣቂ ታይቶ በሌላው ወገን ምንም ካልታየ፣ አንድ ነገር ሾልኮ ወጥቷል ማለት ነው።

ችግሩ ሌላም ሾላኪ መኖሩ ነው፤ ኒውትሪኖ። ዜድ ቦዞን ከአምስት ጊዜ አንዱን ያህል ወደ ኒውትሪኖዎች ስለሚፈርስ ያንኑ ጉድለት ያስመስላል። ተመራማሪዎቹም ዜድ ቦዞን ወደሚታዩ ሙዮኖች የፈረሰባቸውን ግጭቶች ቆጥረው፣ በኒውትሪኖ ሳቢያ ምን ያህል ጉድለት እንደሚጠበቅ ያሰላሉ። ለእኔ የፍለጋው ብልሃት ከግዙፉ ማሽን ይልቅ እዚህ ላይ ነው።

አትላስና ሲኤምኤስ የተባሉት ሁለቱ ሙከራዎች እስካሁን ከሚጠበቀው የተረፈ አስተማማኝ ጉድለት አላገኙም። ይህ ባዶ ድካም አይደለም፤ በርካታ ንድፈ ሐሳቦች ያቀረቧቸው የክብደትና የመስተጋብር ግምቶች በዚሁ ውድቅ ሆነዋል።

ነገ ትርፍ ጉድለት ቢገኝስ? ያመለጠው ቅንጣት መሣሪያውን አልፎ ለመውጣት ከሴኮንድ ሚሊዮንኛ ያነሰ ዕድሜ ይበቃዋል፤ ጽልመታዊ ቁስ ግን 13.8 ቢሊዮን ዓመት የዘለቀ መሆን አለበት። ስለዚህ በጣሊያኑ ግራን ሳሶ ተራራ ሥርና በአሜሪካዋ ደቡብ ዳኮታ የቀድሞ ጥልቅ ማዕድን ማውጫ ውስጥ፣ በፈሳሽ ዜኖን የተሞሉ ጋኖች ከጠፈር የሚመጣውን ያንኑ ቅንጣት ይጠባበቃሉ።