የማገጥ ስውር ባሕርይ

በመስከረም ወር የደጋው መስክ ከዐደይ አበባ ጋራ በማገጥ ሐምራዊ አበባ ተሸልሞ የሚያይ ሰው ባለሦስት ቅጠሉን ተክል ሁሉ አንድ ዘር አድርጎ ቢቈጥረው አይፈረድበትም፤ ነገር ግን የዕፀዋት ሊቃውንት ትሪፎልየም ብለው የሚጠሩት ይህ ወገን በዓለም ሁሉ 250 ያህል ዓይነት ሲኖረው፥ ከእነዚህም ከኢትዮጵያ ደጋ በቀር በሌላ አገር የማይበቅሉ ይገኙበታል።

ቅጠሉ በጥላ ሥር ሲበቅል ይሰፋል፥ ከብት ደጋግሞ የጋጠውም አጥሮ ከመሬት ይለጠፋል፤ ስለዚህ የመልኩ ልዩነት ከዘሩ ይሁን ከቦታው ዐይን ብቻውን ሊፈርድ ስለማይችል፥ ሊቃውንቱ በተክሉ ውስጥ ያለውን ረቂቅ ንጥረ ነገር ለምስክርነት ይጠራሉ።

በአውሮፓ መስክ የሚበቅለውን የነጭ ማገጥ ጥቂት ቅጠል ከተለያዩ ተክሎች ወስዶ የእያንዳንዱን በየብልቃጡ ውስጥ ጨፍልቆ፥ የቶሉይን ጠብታ ጨምሮ፥ በሶዲየም ፒክሬት የተነከረ ቢጫ ወረቀት ከክዳኑ ሥር አንጠልጥሎ በሞቀ ስፍራ ያቈየ ሰው፥ ወረቀቱ በአንዱ ብልቃጥ ወደ ቀይ ቡናማ ሲለወጥ በሌላው ቢጫ እንደ ሆነ ሲቀር ያያል። የለወጠው ሃይድሮጅን ሳያናይድ የተባለው መርዝ ነው፤ ይህም የሚወጣው አንዱ ጂን የመርዙን መነሻ፥ ሌላው ጂን መነሻውን የሚፈታውን ኢንዛይም ሲያስገኙና ሁለቱ በአንድ ተክል ሲገናኙ ብቻ ነው። ዳዳይ የተባሉት ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1954 እንዳሳዩት፥ ክረምቱ ለስላሳ በሆነበት በሜዲትራኒያን ዳርቻ መርዛሙ ተክል ሲበዛ፥ ብርዱ ወደሚጸናበት ወደ ሰሜንና ወደ ምሥራቅ በተሄደ ቍጥር እየተመናመነ ይሄዳል፤ ቀንድ አውጣም መርዝ የሌለውን አስቀድማ ትበላለች።

ሁለተኛው መንገድ የኢንዛይሞችን ጕዞ መመልከት ነው። ከየተክሉ የተጨመቀው ጭማቂ በረጋ ስታርች ገበታ ላይ በተርታ ተቀምጦ ኤሌክትሪክ ሲለቀቅበት፥ አንድ ሥራ የሚሠሩ ኢንዛይሞች እንኳ በያዙት የኤሌክትሪክ መጠንና በግዝፈታቸው ምክንያት እኩል አይራመዱም፤ ገበታው በተገቢው ማቅለሚያ ሲነከር እያንዳንዱ የደረሰበት ስፍራ መስመር ሆኖ ይገለጣል፥ ከእናትና ከአባት የተለያየ የወረሰም ተክል የሁለቱንም መስመር ያሳያል።

ነጩ ማገጥ በራሱ የአበባ ዱቄት ስለማይፀንስና ንብ ከባዕድ ተክል ስለምታመጣለት፥ ከልዩነቱ የሚበዛው ክፍል በአንዱ መስክ ውስጥ ተሰውሮ ይገኛል፤ ይህንንም ከሁሉ የሚበልጥ ትምህርት አድርጌ እቈጥረዋለሁ፥ ለመኖ ዘር የሚሰበስብ ሰው ከአንድ የለመለመ ሥር ብቻ አፍሶ ቢሄድ አብዛኛውን ሀብት ጥሎ መሄዱ ነውና። በራሳቸው ዱቄት የሚፀንሱት ዓመታዊ ማገጦች ግን ልዩነታቸው ከመስክ ወደ መስክ ስለሚበረታ፥ እነዚህን የሚሰበስብ ሰው ከተራራው ወደ ሸለቆው፥ ከረግረጉም ወደ ደረቁ መሬት እየተዘዋወረ ሊለቅም ይገባዋል።