ዛፉ ከመቆረጡ በፊት የሚጻፈው ሰነድ

በአሜሪካ የፌደራል መንግሥት ብሔራዊ ደን ውስጥ የቆመ ዛፍ ለጨረታ ከመቅረቡ፣ መጋዝም ከመነሳቱ አስቀድሞ ጉዳቱና ጥቅሙ በጽሑፍ መመዘን አለበት። የሚመዝነው ደኑን የሚያስተዳድረው፣ በግብርና ሚኒስቴር ሥር ያለው የደን አገልግሎት ነው። ይህ መሥሪያ ቤት የሚጠብቀው መሬት 78 ሚሊዮን ሄክታር ገደማ ሲሆን፣ ከኢትዮጵያ የቆዳ ስፋት ሁለት ሦስተኛውን ይበልጣል። የውሃ፣ የአፈር፣ የዱር እንስሳትና የቅርስ ባለሙያዎች በየሙያቸው ይጽፋሉ፤ ረቂቁ በተለምዶ ለሕዝብ ይቀርባል፤ አስተያየት ይሰበሰባል፤ በመጨረሻ አንድ ኃላፊ ውሳኔውን ከነምክንያቱ ፈርሞ ያወጣል። ከሰነዱ ሁሉ የሚጠቅመው አማራጮች ጎን ለጎን የሚቀመጡበት ክፍል ነው። ከእነሱም አንዱ «ምንም ባይቆረጥስ?» የሚለው ነው። ይህን ግዴታ ያመጣው ፕሬዚዳንት ሪቻርድ ኒክሰን እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 1 ቀን 1970 የፈረሙት ብሔራዊ የአካባቢ ፖሊሲ ሕግ ነው (ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመታትም፣ ከአንዱ በቀር፣ በዚያው አቆጣጠር ናቸው)። የኢትዮጵያው የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ አዋጅ ቁጥር 299/1995ም ከዚሁ ሐሳብ የተወለደ ነው። ሁሉም ሥራ ግን ሙሉ ሰነድ አይጻፍለትም። ቀላል ተብሎ የተመደበው ከዝርዝር ጥናት ነፃ ይሆናል፤ አጠራጣሪው አጠር ያለ ግምገማ ይደረግለታል፤ ከባድ ለውጥ ያመጣል የተባለው ብቻ ሙሉ የተጽዕኖ መግለጫ ይዘጋጅለታል። በተግባር አብዛኞቹ ሥራዎች በመጀመሪያው በር ያልፋሉ።

እንግዲህ ምን ይመዘናል? የደን ጉዳት ሲነሳ ሰው ቶሎ የሚያስበው የወደቀውን ዛፍ ነው። ከባዱ ጉዳት ግን ብዙ ጊዜ ያለው ግንዱን ለማውጣት በተቆረጠው መንገድ ላይ ነው። በብሔራዊ ደኖቹ ውስጥ ወደ 600 ሺህ ኪሎ ሜትር የሚጠጋ መንገድ ተዘርግቷል፤ አብዛኛው የአፈር መንገድ ነው። ተዳፋት ላይ የተቆረጠ መንገድ ከመሬት በታች ቀስ ብሎ ይሄድ የነበረውን ውሃ ወደ ላይ አውጥቶ በቦዩ ያንደረድረዋል፤ የተሞላው አፈር በከባድ ዝናብ ይናዳል። ደቃቁ ደለል ወንዝ ሲገባ የሳልመን ዓሣ እንቁላሏን በጣለችበት ጠጠር መካከል ያለውን ክፍተት ስለሚደፍነው እንቁላሉ አየር ያጣል። ሌላው ጉዳት የሚመጣው በጊዜ ብዛት ነው። የተቆረጠ ዛፍ ሥር ወዲያው አይበሰብስም፤ ለጥቂት ዓመታት አፈሩን እንደያዘ ይቆያል። ተዳፋቱ በጣም የሚዳከመው የቀድሞው ሥር በስብሶ አዲሱ ችግኝ ገና ሥር ሳይሰድ፣ ማለትም ከቆረጣው ከጥቂት ዓመታት እስከ አሥር ምናምን ዓመታት በኋላ ነው። ያኔ ሽያጩ ተዘግቷል፤ ሰነዱም መዝገብ ቤት ገብቷል። ይህን ጽሑፍ የሚመራው ሐሳብም ከዚህ ይነሳል፦ የደን ቆረጣ ጉዳት ከአንዱ ሽያጭ ይልቅ በድምሩ ውስጥ ነው ያለው፤ ስለዚህ የግምገማ ዋጋ የሚለካው ድምሩን ማሳየት በመቻሉ ነው። ሃያ ሽያጮች እያንዳንዳቸው «ጉልህ ጉዳት የላቸውም» ተብለው ሊያልፉ ይችላሉ፤ አንዱ ተፋሰስ ግን ሃያዎቹንም ይሸከማል።

ድምሩ እንዲሁ በቸልታ ብቻ አይደለም የሚዘነጋው፤ መዛኙ ራሱ በውጤቱ ተጠቃሚ የሆነበት ታሪክ አለ። የደን አገልግሎቱ በ1905 በጊፎርድ ፒንሾ መሪነት ሲቋቋም ዓላማው ደኑን በጥበብ መጠቀም ነበር። በ1908 የወጣ ሕግ ከደኑ ገቢ ሩቡ ለአካባቢው ትምህርት ቤቶችና መንገዶች እንዲውል አደረገ። በ1930 የወጣው ሌላ ሕግ ደግሞ መሥሪያ ቤቱ ከሽያጭ ገቢ ከፊሉን ለችግኝ ተከላ አስቀርቶ እንዲጠቀምበት ፈቀደ። ሁለቱም ቅን ሐሳብ ነበሩ፤ አብረው ግን የመምህሩንም የደን ባለሙያውንም በጀት ከመጋዙ ጋር አሰሩት። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የቤት ግንባታ ሲጧጧፍ የቆረጣው መጠን አሻቀበ፤ በ1980ዎቹ መጨረሻ በዓመት ከ12 ቢሊዮን ቦርድ ፉት በላይ ደረሰ (አንድ ቦርድ ፉት ወርዱም ርዝመቱም አንድ ጫማ፣ ውፍረቱ አንድ ኢንች የሆነ ጣውላ ነው)። በዌስት ቨርጂኒያው የሞኖንጋሂላ ደን ተራራን ጠራርጎ የመቁረጥ ልማድ ፍርድ ቤት ደርሶ በ1975 ተሸነፈ፤ በማግሥቱ ዓመት ኮንግረሱ የብሔራዊ ደን አስተዳደር ሕግን አወጣ። ሕጉ እያንዳንዱ ደን የረዥም ጊዜ ዕቅድ እንዲኖረው አዘዘ፤ በአንድ ጊዜ ተጠርጎ የሚቆረጠው ቦታም ገደብ ተበጀለት። ለሕጉ ትልቁ ፈተና የመጣው ግን በሰሜን ምዕራቡ ያረጀ ደን ከሚኖር ጉጉት ነው።

ነጠብጣባሙ ጉጉት በ1990 አደጋ ላይ ካሉ ዝርያዎች ተመዘገበ። የሲያትሉ ፌደራል ዳኛ ዊልያም ድዋየር በ1991 የጉጉቱን መኖሪያ ሽያጭ አገዱ፤ በ1992 ደግሞ መሥሪያ ቤቱ ያቀረበው የተጽዕኖ መግለጫ በቂ እንዳልሆነ ወሰኑ። የሚገርመው ጥፋቱን በመስኩ ባለሙያዎች ላይ አለመጣላቸው ነው፤ ሕጉን የጣሱት ከበላይ ያሉ ሹሞች መሆናቸውን በግልጽ ጻፉ። ይህን ማለት የቻሉት ባለሙያዎቹ የጻፉት በመዝገብ ስለነበረ ነው። ከዚያ የወጣው የ1994ቱ የሰሜን ምዕራብ የደን ዕቅድ በዋሽንግተን፣ በኦሪገንና በሰሜን ካሊፎርኒያ ያለውን 10 ሚሊዮን ሄክታር ገደማ የፌደራል መሬት እንደ አንድ ነገር ተመለከተው፤ ወንዞቹ ዳርና ዳር ተከልለው እንዲጠበቁ፣ ያረጀው ደን ሰፋፊ መጠጊያ እንዲሆን አደረገ። ድምር ማለት ይህ ነው። ዕቅዱ ጉጉቱን አዳነ ማለት ግን አይቻልም። ከምሥራቅ የመጣ ሌላ የጉጉት ዝርያ ቦታውን እየነጠቀው ቁጥሩ ማሽቆልቆሉን ቀጥሏል፤ ሰደድ እሳትም ከተከለለው ደን ብዙ በልቷል። ግምገማ ትንቢት አይደለም፤ የሚያውቀውን ይመዝናል እንጂ የማያውቀውን አይጨምርም።

በዚህ ላይ ከሚነሱት ተቃውሞዎች አንደኛው የአካባቢ ፖሊሲ ሕጉ ጥርስ የለውም የሚል ነው። እውነት አለው። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1989፣ እዚያው ዋሽንግተን ግዛት በብሔራዊ ደን ውስጥ ሊሠራ በታሰበ የበረዶ መንሸራተቻ ጉዳይ፣ ሕጉ መሥሪያ ቤቱን የሚያስገድደው አውቆ እንዲወስን እንጂ ተፈጥሮን የሚጠቅመውን እንዲመርጥ አይደለም ሲል ፈርዷል። አንድ ኃላፊ ጉዳቱን ሁሉ በሐቅ ዘርዝሮ ከጻፈ በኋላ «ይቆረጥ» ቢል ሕግ አልጣሰም። ነገር ግን ጉዳቱን በፊርማው ካመነ በኋላ የሚወስን ሹም እና ሳይጠይቅ የሚወስን ሹም አንድ አይደሉም። የመጀመሪያው የተጻፈበት አለ፤ ጋዜጠኛው፣ ጎረቤቱ፣ የሚቀጥለው ባለሙያ ያነብበዋል። ለድዋየር ፍርድ መሠረት የሆነውም ይኸው ነው።

ሁለተኛው ተቃውሞ ይከብዳል፦ ወረቀቱ ሲጻፍ ደኑ ይቃጠላል። አሜሪካ ከመቶ ዓመት በላይ አብዛኛውን እሳት ስታጠፋ ኖራለች፤ በዚህም ቀድሞ በየጥቂት ዓመቱ መሬት ለመሬት በሚሄድ ቀላል እሳት ይጸዳ የነበረው ደረቅ የጥድ ደን በቀጫጭን ዛፍ ታጭቋል። እዚያ ቀጫጭኑን ማሳሳት፣ ከዚያም በቁጥጥር ማቃጠል እንደሚጠቅም ማስረጃው ጠንካራ ነው፤ ይህን ለዓመታት የሚያጓትት አሠራርም የሚከላከልለት ሊኖር አይገባም። ችግሩ ይህ ማስረጃ ወደማይሠራበት ቦታ ሲወሰድ ነው። በካስኬድ ተራሮች ምዕራብ ያለው እርጥብ የዳግላስ ፈር ደን ትልቅ እሳት የሚያየው በመቶዎች ዓመታት አንዴ ነው፤ «እሳት ለመከላከል» ተብሎ ትላልቁን ዛፍ መቁረጥ እዚያ ሌላ ነገር ነው። በ2002 በደቡብ ኦሪገን 200 ሺህ ሄክታር ገደማ ያካለለው የቢስከት እሳት ጥሩ ማሳያ ነው። የቆመውን የተቃጠለ ግንድ ፈጥኖ ማውጣት ደኑን መልሶ ለማልማት ይረዳል ተብሎ ነበር። በ2006 በሳይንስ መጽሔት የወጣ የኦሪገን ስቴት ዩኒቨርሲቲ ጥናት ግን ግንድ በወጣበት ቦታ በራሱ የበቀለው ችግኝ በ71 በመቶ መቀነሱን፣ መሬት ላይ የተጣለው ቅርንጫፍም ለእሳት ማገዶ መጨመሩን አሳየ። ጥናቱ ብዙ አከራከረ፤ ከዚያው ዩኒቨርሲቲ ያሉ ፕሮፌሰሮች ሳይቀሩ መጽሔቱ ኅትመቱን እንዲያዘገይ ጠይቀው ነበር። የጥናቱ ጊዜ አጭር መሆኑና ቅርንጫፉን በኋላ ማቃጠል መቻሉ ተገቢ ትችት ነው። ሆኖም «ግልጽ ነው፣ መመዘን አያስፈልገውም» የተባለ ነገር ሲመዘን ምን እንደሚወጣ አሳይቷል።

እዚህ ያልተቆረጠ እንጨት ሌላ ቦታ፣ ምናልባትም ቁጥጥር በላላበት አገር ይቆረጣል የሚሉም አሉ። ይህ በከፊል ልክ ነው፤ እናም የ«ምንም ባይቆረጥስ?» አማራጭ ውስጥ በሐቅ መጻፍ ያለበት ነው። መመዘንን ለመተው ግን ምክንያት አይሆንም። ቆረጣው ሲቀንስ ሥራ ያጡት የእንጨት መሰንጠቂያ ሠራተኞች ጉዳይም እንዲሁ፤ ማሽን ከጉጉቱ በፊት ብዙ ሥራ ወስዶ ነበር፤ ይህ ግን ደሞዙ ለተቋረጠበት ሰው መጽናኛ አልነበረም።

አሁን ነገሩ ወደ ማሳጠር አዘንብሏል። በ2023 ኮንግረሱ ለሙሉ መግለጫ 150 ገጽና ሁለት ዓመት፣ ለአጭሩ ግምገማ 75 ገጽና አንድ ዓመት ገደብ ጣለ። በ2025 የግብርና ሚኒስትሯ ከብሔራዊ ደኑ ከግማሽ በላይ የሆነውን መሬት አሠራሩ በሚቀልበት የአስቸኳይ ሁኔታ ሥር አደረጉ፤ በዚያው ዓመት ሜይ ውስጥ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ፣ በዩታ የባቡር መስመር ጉዳይ፣ መሥሪያ ቤቶች ከፕሮጀክቱ የተለዩ ሌሎች ሥራዎች የሚያመጡትን ጉዳት የመመዘን ግዴታ እንደሌለባቸው፣ ዳኞችም ለመሥሪያ ቤቶቹ ውሳኔ ሰፊ ቦታ እንዲሰጡ ወሰነ። የገጹ ማነስ ብዙም አያሳስበኝም፤ ከአንድ ሺህ ገጽ ውስጥ አብዛኛው ከፍርድ ቤት ለመዳን የተጻፈ ነበር። የሚያሳስበው መጀመሪያ የሚቀነሰው የትኛው ገጽ ነው የሚለው ነው። በ75 ገጽ ውስጥ የተፋሰሱ የመንገድ ካርታ፣ በዚያው ተፋሰስ ባለፉት ሠላሳ ዓመታት የተቆረጠውና የተቃጠለው፣ ሊቆረጥ የታቀደውም ጭምር፣ እንዲሁም ሥሩ በስብሶ ተዳፋቱ የሚዳከምበት ዘመን ከገቡ ሌላው ሁሉ ቢወጣ ጉዳት የለውም። እነዚህ ሦስቱ ወጥተው ስለ አንዱ ሽያጭ ብቻ የተጻፈ ከሆነ ግን ሺህ ገጽም ቢሆን ወንዙ ምን እንደሚደርስበት አይናገርም።