የውሃ ውስጥ ዕፅዋት ስለ ሐይቅ ጤንነት የሚነግሩን፦ የተከዜ ግድብ ሐይቅና ዋግ ኽምራ

የጤና ባለሙያ የመጠጥ ውሃ ሲነሣ አስቀድሞ የሚያስበው ተቅማጥንና ታይፎይድን ነው፤ የሚሰጠውም ምክር ማፍላት ወይም በክሎሪን ማከም ነው። ለምንጭና ለጉድጓድ ውሃ ይህ ምክር አብዛኛውን ጊዜ ይበቃል። ለሐይቅ ግን አይበቃም።

በዋግ ኽምራ የሐይቅ ጉዳይ አዲስ ነው። ኅዳር 2002 ዓ.ም. የተመረቀውና 188 ሜትር ከፍታ ያለው የተከዜ ግድብ የአበርገሌንና የዝቋላን ቆላ የሚነካ ሰፊ ሰው ሠራሽ ሐይቅ ፈጥሯል። በድርቅ በሚታወቀው በዚህ አካባቢ ዓሣ ማጥመድ መተዳደሪያ ሆኗል፤ ዓሣም ሰቆጣ ድረስ ይሸጣል። ሐምሌ 2007 ዓ.ም. ይፋ የሆነው የሰቆጣ ቃል ኪዳን ከሁለት ዓመት በታች ያሉ ሕፃናትን መቀንጨር እ.ኤ.አ. እስከ 2030 ለማስቀረት ያለመ እንደመሆኑ፣ በቅርብ የሚገኝ የዓሣ ፕሮቲን ዋጋው ከፍ ያለ ነው። ስለዚህ የሐይቁ መታመም የሰዉም ጉዳት ነው።

የሐይቅን ጤንነት ለመገመት ከሚያገለግሉት ምልክቶች አንዱ መላ አካላቸው ከውሃ በታች የሚያድገው ዕፅዋት ናቸው። እነዚህን በጣና ላይ ከ2004 ዓ.ም. ጀምሮ ከታወቀው እምቦጭ ጋር ማምታታት አይገባም። እምቦጭ ተንሳፋፊ በመሆኑ ብርሃኑን በቀጥታ ከላይ ያገኛል። የውሃ ውስጥ ተክል ግን የሚኖረው ውሃውን ሰንጥቆ በሚደርሰው ብርሃን ብቻ ነው። ውሃው ሲደፈርስ ወይም በአልጌ (ዋቅላሚ) ሲሞላ ጥልቅ ቦታ ላይ ያለው ተክል አስቀድሞ ይሞታል፤ የዕፅዋቱም ወሰን ወደ ዳር ይሸሻል። በአንድ ማለዳ የተቀዳ የውሃ ናሙና የዚያን ዕለት ሁኔታ ብቻ ሲያሳይ፣ ዕፅዋቱ የሚደርሱበት ጥልቀት ግን የወራትን ታሪክ ይናገራል። ልዩነቱ በአንድ ጊዜ የደም ስኳር ልኬትና በሄሞግሎቢን ኤ1ሲ መካከል እንዳለው ነው። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2000 ባወጣው የውሃ መመሪያ የውሃ ዕፅዋትን ከሐይቅ መመዘኛዎች መካከል ያካተተውም በከንቱ አይደለም።

የዕፅዋቱ ዓይነትም ይናገራል። ካራ የተባሉት ዝርያዎች በአብዛኛው የጠራና ንጥረ ነገር ያልበዛበት ውሃ ምልክት ናቸው። ሴራቶፊለም ደግሞ ሥር ስለሌለው ምግቡን ከውሃው ይመጣል፤ ከማሳ የሚታጠብ ማዳበሪያና ፍሳሽ በበዛበትም ይስፋፋል። ጭነቱ ከዚህ ካለፈ ዕፅዋቱ ጠፍተው አልጌ ቦታውን ይወርሳል። አንድ ጊዜ እዚያ የደረሰ ሐይቅ ፍሳሹ ቢቀነስም በቀላሉ አይመለስም፤ ሥር የሰደደ በሽታ ከመጀመሪያ መንስኤው በኋላም በራሱ እንደሚቀጥል ያለ ነው።

በደቡብ ወሎ የሚገኘው የሐይቅ ከተማ ሐይቅ የውሃ ጥራት ምን ያህል ሊለወጥ እንደሚችል ያሳያል። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጨረሻ በገመድ ታስሮ የሚወርድ ነጭ ሳህን እስከ 9 ሜትር ገደማ ይታይ ነበር። በ1970ዎቹ መጨረሻ ቆሮሶ ከተጨመረበት በኋላ፣ በ1990ዎቹ መጀመሪያ የተለካው ጥራት ወደ አንድ ሜትር ገደማ ወርዶ ተገኘ።

ለሐኪም አሳሳቢው ከአልጌ ጋር የሚመጣው ሳያኖባክቴሪያ ነው። ከነዚህ አንዱ የሆነው ማይክሮሲስቲስ በቆቃ ሐይቅ በብዛት ተገኝቷል። የሚያመነጨው ማይክሮሲስቲን ጉበትን የሚጎዳ መርዝ ሲሆን፣ ማፍላት አያጠፋውም፤ ሕዋሱን የሚገድል ኬሚካልም መርዙን ወደ ውሃው ሊለቀው ይችላል። እ.ኤ.አ. በ1996 በብራዚል ካሩዋሩ ከተማ በዚህ መርዝ በተበከለ ውሃ የኩላሊት እጥበት ከተደረገላቸው ሕሙማን ከ50 በላይ ሞተዋል። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውሃ ያስቀመጠው ጊዜያዊ የዘወትር ወሰን በሊትር 1 ማይክሮግራም ነው።

ይሁን እንጂ የተፈጥሮ ሐይቅ መመዘኛ በተከዜ ላይ እንዳለ ሊጫን አይችልም። የግድብ ውሃ በየወቅቱ ከፍና ዝቅ ስለሚል ዳርቻው በበጋ ይራቆታል፤ ከተራቆተው ተራራ የሚወርደው የክረምት ጎርፍም ደለል ያመጣል። ስለዚህ ባዶ ዳርቻ ብቻውን የሕመም ምልክት አይደለም። የሚበጀው ከነፋስና ከጎርፍ የተጠለሉ ባሕረ ሰላጤዎችን መርጦ፣ በየዓመቱ በተመሳሳይ ወር የዕፅዋቱን ዓይነትና ወሰን መመዝገብ፣ ከጎኑም የሳህኑን ልኬት መያዝ ነው። ሥራው ጀልባ፣ ገመድና ሜንጦ እንጂ ውድ ቤተ ሙከራ አይጠይቅም፤ ዓሣ አጥማጆቹም ከማንም በተሻለ ሊሠሩት ይችላሉ ብዬ አምናለሁ።

አንድ የሚያስቸግር ነገር አለ። ለሐይቁ የሚበጁት ዕፅዋት የብልሃርዝያን ጥገኛ ተሕዋስ ለሚሸከሙ ቀንድ አውጣዎችም መጠለያና ምግብ ናቸው። በጋና የአኮሶምቦ ግድብ በ1960ዎቹ ከተሠራ በኋላ ሴራቶፊለም በቮልታ ሐይቅ ዳር ሲስፋፋ ቀንድ አውጣው አብሮ በዛ፤ የሽንት ቧንቧ ብልሃርዝያም በሐይቁ ዳር ባሉ ሕፃናት ላይ በእጅጉ ጨመረ። እ.ኤ.አ. በ2023 ይፋ የሆነ የሴኔጋል ጥናት ደግሞ ሰዎች ከሚቀዱባቸውና ከሚታጠቡባቸው ቦታዎች ይህ ተክል ሲነሣ በተማሪዎች ላይ የአንጀት ብልሃርዝያ መቀነሱን፣ የተነሣውም ለከብት መኖና ለኮምፖስት መዋሉን አሳይቷል።

ስለዚህ ሴራቶፊለም በመቅጃና በመታጠቢያ ዳር ሲታይ ከዚያ ቦታ ብቻ ማንሣት፣ የቀረውን ሐይቅ ዕፅዋት ግን መተው ይገባል። በሐይቁ ዳር ባለ ጤና ጣቢያ የሚሠራ ባለሙያ የዕፅዋቱን መዝገብ ከሰገራ ምርመራ ውጤት ጎን ለጎን ቢያነብ፣ የብልሃርዝያ መድኃኒት በየትኛው መንደር መቅደም እንዳለበት ፍንጭ ያገኛል። ዕፅዋቱ ከተጠለሉት ባሕረ ሰላጤዎች ጠፍተው ውሃው አረንጓዴ ቀለም የተቀባ ሲመስል ደግሞ፣ ያ ውሃ ተፈልቶም ቢሆን ለሕፃናት እንዳይሰጥ መንገር ያለበት እሱ ነው።